ጨው ያልነካው አጥሚት

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ልብስ ሰፊ ሲሠራ ቀርቦ ላላየ ሰው እጅና እግር ብቻ የሚደክሙ ይመስለዋል፤ እግር የመኪናውን መርገጫ ይመታል፣ እጅ ጨርቁን ይመራል። አባዬ ግን የሥራውን እኩሌታ የሚሠራው በአፉ ነበር። ስፒሎቹን በከንፈሩ ደርድሮ ይይዝና የኮት እጅጌ ሲያያይዝ አንድ በአንድ ይመዛቸዋል። የክሩን ጫፍ በምላሱ አርጥቦ ያሾለውና በመርፌው ዓይን ያሳልፈዋል። የተረፈውን መቀስ ሳይፈልግ በጥርሱ ይበጥሰዋል። ስፒሎቹን እንደያዘ ከደንበኛ ጋር ያወራል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ተለማማጁን ይቆጣል፤ አንድም ስፒል አይወድቅም። እኛ ልጆቹ በተገጠመ ጥርስ መሃል የምትሾልከውን ያቺን ድምፅ ስለለመድናት፣ እቤት ገብቶ አፉን ሞልቶ ሲናገር የሌላ ሰው ድምፅ ትመስለን ነበር።

ሱቁ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር ፊት ለፊት ያለ በረንዳ ነበር። ሲንጀር መኪናው፣ የከሰል ካውያው፣ ከአንገቱ የማትወርድ ሜትሩ፣ የደንበኞቹን ልኬት የሚጽፍበት ሰማያዊ ደብተር፤ ንብረቱ ይኸው ነው። አገሩ ወሎ ነውና ለፋሲካም ለኢድም ሥራው እኩል ይጎርፍለታል። ሁለቱ በዓላት በተቀራረቡበት ዓመት እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድራል፤ እማዬ እራቱን በአገልግል ትልክለታለች። መስከረም ሲጠባ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም አለ። ማለዳ የጦሳን ተራራ ጉም ሰንጥቆ ይወጣል፣ ማታ ጨልሞ ይገባል።

ከስፒል ሌላ ከንፈሩ የማያጣው ሲጋራ ነበር። ማጨስ የጀመረው ገና በልጅነቱ፣ ስፌት ሊማር በገባበት ሱቅ ነው፤ የበዓል ሰሞን ሌሊቱን እንዲሠራ እንቅልፍ ያባርርልሃል ብለው ሰጡት። ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ይቀምሳል። ሰክሮ አይቼው አላውቅም። ይህንን የማነሳው የሞተ አባቴን ልወቅስ አይደለም። ኋላ ሐኪሞቹ ያስረዱን ነገር መነገር ስላለበት ነው። ትምባሆ ብቻውን የአፍን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፤ አልኮልም ብቻውን ይጎዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉዳቱ መደመሩ ቀርቶ ይባዛል፤ አልኮሉ ሽፋኑን አሳስቶ ለትምባሆው መርዝ መንገድ ይከፍትለታልና። ያኔ ሲጋራ ሳንባ እንደሚያበላሽ ሰው ሁሉ ያወራ ነበር፤ ስለ ምላስ ያነሳ ሰው ግን አላስታውስም። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል። ያንን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው በዚያ ሱቅ ወለል ላይ ተቀምጦ ቁልፍ የሚተክለውን ልጅ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ በምላሱ ግራ ጎን ላይ ቁስል ወጣበት። “ስፒል ወጋኝ” አለ። ዕድሜውን ሙሉ ስፒል አፉ ውስጥ ይዞ ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል? እኛም አመንን፣ እሱም አመነ። እማዬ በጨው ውሃ እንዲጉመጠመጥ አደረገች። ቁስሉ አልደርቅ ሲል፣ “ያቺ የተሸረፈች መንጋጋህ ናት የምትፍቅህ” ተባለና ጥርሷ ተነቀለች። ጥርሷ ሄደች፤ ቁስሉ ቀረ። ሕክምና ሄዶ አሞክሳሲሊን ተሰጠው፤ ቀጥሎ ጂቪ ተቀባና አፉ ወይን ጠጅ ሆኖ ሰነበተ። ደንበኞቹ እያዩ ይስቁ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ከዚያ ግራ ጆሮውን ያመው ጀመር። ለጆሮው ጠብታ ገዛን። የምላስ ሕመም ወደ ጆሮ እንደሚያስተጋባ ማን ነግሮን?

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርጌ አንድ ነገር ልናገር፤ ሰው ሳገኝ የምናገረው ነውና። ስፒል የወጋው ይድናል። የተቃጠለ ምላስ ይድናል፣ የተነከሰ ጉንጭ ይድናል፤ አፍ ከሰውነታችን ፈጥነው ከሚሽሩ ቦታዎች አንዱ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ጠጠር ያለ እብጠት ካለ ግን አፍን ከፍቶ ለሐኪም ማሳየት፣ ከቁስሉም ትንሽ ናሙና ተወስዶ እንዲመረመር መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተገኘ የአፍ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የአባዬን አፍ ስንት ሰው አየው! ጥርስ የነቀለው አየው፣ ጂቪ የቀባው አየው፣ ጓደኞቹ አዩት፣ እኛ አየነው። ሁላችንም ያየነው ስፒሉን ነበር።

በስተመጨረሻ ከመንጋጋው ሥር ንፍፊት ወጣ። ሲነኩት አያመውም፤ ስላላመመውም ደስ አለን። ሕመም የሌለው፣ ጠጠር ያለ ንፍፊት ከሚያመው ይልቅ እንደሚያስፈራ ያወቅነው በኋላ ነው። አፍ ውስጥ የጀመረ ካንሰር ሲጓዝ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው አንገት ላይ ነው።

አንድ ደግ ሐኪም እዚያው ደሴ አየውና ናሙና መወሰድ አለበት አለ። ዘመድ ተሰበሰበ። “ነቀርሳ ከሆነ ብረት ከነካው ይሰራጫል፤ እንዳትነኩት” ያሉ ነበሩ። እንዲህ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሐኪም ቤት የገባ ዘመዳቸው ከምርመራ በኋላ ሲሞት አይተዋል፤ ዘግይቶ መሄዱ እንደገደለው ግን አላዩም። እማዬ መጀመሪያ ጠበል ይሂድ አለች፤ ማለዳ ማለዳ ይዛው ወጣች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ያጠምቁት የነበሩት አባት ራሳቸው “ሐኪም ቤቱንም እንዳትተዉት” ብለው መከሯት። ናሙናው ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አባዬን ወንበር ላይ ትቶ ወንድሜን ወደ ኮሪደር ጠራው። ወንድሜ ሲመለስ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ “ኢንፌክሽን ነው፤ አዲስ አበባ የተሻለ መድኃኒት አለ” አለው።

እኛ አገር መርዶ የሚነገርበት ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ። የታመመ ሰው የገዛ ሕመሙን የሚሰማበት ወግ ግን የለንም። ስለዚህ ሸሸግነው። እሱም ሸሸገን። ማወቁን ያወቅኩት፣ ለአዲስ አበባ መንገድ ዕቃ ስናሰናዳ የጀመራቸውን ልብሶች በሙሉ ለተለማማጁ እየቆጠረ ሲያስረክብ ነው፤ ከኢንፌክሽን የሚመለስ ሰው እንዲያ አያስረክብም። ዓመታት አልፈው ስለ ሲግመንድ ፍሮይድ ሳነብ ይኸው ነገር ገጠመኝ። በ1923 እ.ኤ.አ. ላንቃው አካባቢ እብጠት አገኘ፤ ሲጋር አጫሽ ነበርና ተው እንዳይባል ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ሐኪሞቹም መጀመሪያ እውነቱን ሸሸጉት፤ ሲያውቅ ተቆጣቸው። ከ30 በላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት 16 ዓመት ኖሮ በ1939 ለንደን ውስጥ አረፈ። የሰውን ልቦና በመመርመር ስሙ ዓለምን የሞላ ሐኪም ከሸሸገና ከተሸሸገ፣ በደሴው ልብስ ሰፊና በልጆቹ ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ቢሆንም እኔ ብታመም ይነገረኝ። የሸሸግንባቸው ወራት ስለ ሞቱ ልናወራ የምንችልባቸው፣ እሱም ምላሱ ገና የሚታዘዝለት ወራት ነበሩ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ተቀጥሮ ስለነበር አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርቴን ለዓመት አቋረጥኩ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ እንደ ወትሯቸው መስኮቱን ወረሩት። አባዬ ገዛ፤ ለእኔ፣ ለጎናችን ሰዎች፣ ለረዳቱም አከፋፈለ። በዚያ መንገድ ሲያልፍ የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዛ ቀርቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልቀረበትም። እሱ አልቆረጠመም።

አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ከምላሱ ግማሽ ያህሉ ወጣ፤ የአንገቱ ንፍፊቶችም ወጡ። ቁስሉ እስኪጠግግ ምግቡ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠው ነበር። ከዚያ ጨረር ይቀጥላል ተባልንና ወረፋ ያዝን። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ አገሪቱ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበራት፤ ጨረር የሚሰጠው ግን በአንድ ሥፍራ ብቻ ነበር። ከሞያሌም ከጎንደርም ከጅጅጋም የመጣ ሕመምተኛ የሚጠብቀው ያንኑ ሥፍራ ነው። ሠራተኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሯሯጡ አያለሁ፤ ወረፋው ግን የሰው ትጋት የሚያሳጥረው ዓይነት አልነበረም። ዛሬ ጅማና ሐረርም ጨረር መስጠት ጀምረዋል፤ ዜናውን ስሰማ ያኔ በኮሪደሩ ጋቢ አንጥፈው ያድሩ የነበሩ አስታማሚዎች ናቸው ፊቴ የመጡት።

ያረፍነው ሽሮ ሜዳ፣ የእማዬ ዘመድ ቤት ነው። ለአባዬ ከዚህ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። ከሰዓት በኋላ ቀስ እያልን ወጥተን በጥበብ ሱቆቹ መሃል እናልፋለን። የቀሚሱን ጠርዝ በጣቶቹ መሃል ይይዝና ይፈትሻል፤ ስፌቱን ገልብጦ ያያል፤ ጥሩ ሲሆን አንገቱን ይነቀንቃል፣ ካልወደደው ልብሱን በቀስታ ቦታው ይመልሳል። ሻጮቹ ገዢ መስሏቸው ዋጋ ይነግሩታል፤ እኔ እመልስላቸዋለሁ። አንገቱን በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ በዚያ ሰዓት ሕመምተኛ አልነበረም፤ ባለሙያ ነበር።

ጨረሩ የተጀመረው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሁድ እረፍት፣ እንዲያ እያለ ስድስት ሳምንት አለፈው። መጀመሪያ ቀን ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ አንገቱ ላይ በቀለም አሰመሩበት፤ እሱ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደሚያሰምረው፣ ቀጥ አድርገው። መስመሩ እንዳይጠፋ በሳሙና አትታጠብ ተባለ። ከመስታወት ፊት ቆሞ ሲያየው ቆየና መስመሩን በጣቱ ተከትሎ፣ በተጎዳው ምላሱ “ልኩ ነው” አለኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አፉ ውስጡ በሙሉ ቆሰለ። ምራቁ ደረቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃይላንድ ውሃ ከእጁ አልተለየም። ጣዕም ጠፋበት። የጠፋው ደግሞ ወጥ በሆነ መንገድ አይደለም፤ አንድ ቀን ወተቱ ይመረዋል፣ በማግስቱ ውሃው ጨው ጨው ይለዋል።

መናገር ሲያቅተው የሚጽፈው በሰማያዊው የልኬት ደብተር ላይ ነበር። ያንን ደብተር ለምን ከደሴ ይዞት እንደመጣ አልነገረኝም፤ ምናልባት አልጋ ላይ ሆኖም ሥራውን እንዲያስብበት ይሆናል። ከፊት በኩል የሰው ልኬት ነው፦ ደረት 96፣ ወገብ 84፣ የእጅጌ ርዝመት 61። ከኋላ በኩል ገልብጦ ለእኔ ይጽፋል። “ውሃ።” “መስኮቱን ዝጊው።” “የሱቁ ኪራይ ተከፈለ?” “ለልጁ ደውይለት፤ የሐጂን ሱሪ ወገብ 2 ሳንቲም ያስፋው።” የእጅ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነበር። አንዳንዴ ረጅም ነገር ይጽፋል፤ ሌሊት ስለሚያየው ሕልም፣ ስፌት ስላስተማሩት ሽማግሌ፣ ልጅ ሳለ ቦሩ ሜዳ ላይ ስላየው የፈረስ ጉግስ። አፉ እንዳይሠራ ሆኖ ነው አባቴ ይህን ሁሉ ያወራኝ፤ በጤናው ጊዜ ለዚህ ጊዜ አልነበረውም።

ወደ ደሴ ስንመለስ ግን ደብተሩ አዲስ ችግር አመጣ። እማዬ ማንበብ አትችልም። በተረፈው ምላሱ የሚናገረው ሲደክመው ስለሚጎላደፍ፣ ለእሷ የሚለውን ይጽፍና እኔ ወይም ወንድሜ እናነብላታለን። አስቡት፤ ዕድሜያቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ ባልና ሚስት የሚያወሩት በልጃቸው አፍ ሆነ። “እንቅልፍ አልተኛሽም፤ ተኚ” የሚለውን እኔ ነኝ የምላት። ሲቆጣት እቆጣለሁ፣ ሲለምናት እለምናለሁ። እሷም የምትመልሰው እኔን እያየች ነው። አንድ ማታ ብዙ ጻፈና ደብተሩን ወደ እኔ ሊያዞር ሲል እጁ ቆመ። እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ከዚያም የጻፈውን በደንብ አድርጎ ሰረዘው። “ምን አለ?” አለች። “ተወው” አልኳት። ካንሰሩ ከወሰደበት ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ያ የተሰረዘው ገጽ ነው። ሚስቱን የሚያናግርበት የብቻ ቃል አጣ።

መፍትሔውን ያገኘችው እማዬ ናት። ሌሊት እኔ የተኛሁ ሲመስላት ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ እሱ አዎ ከሆነ የአልጋውን ጠርዝ አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል፣ አይደለም ከሆነ ሁለት ጊዜ። ጥያቄዎቿ አይሰሙኝም፤ የአልጋው እንጨት ግን ይሰማኝ ነበር። አንዳንድ ሌሊት ረጅም ወሬ ነበራቸው።

ቀን ቀን የከበደው ማዕዱ ነው። የእኛ ቤት ትሪ አንድ ነው፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ እንግዳ ይጎርሳል፣ ትንሽ ልጅ ይጎርሳል። አባዬ ግን እንጀራ መዋጥ አይችልም፤ የሚጠጣው አጥሚት ነው፣ እሱም በከንፈሩ ጥግ ይፈስበታል። ሰው ፊት እንዲህ መሆን አሳፈረው። እራት ሲቀርብ ኩባያውን ይዞ ወደ መኝታ ክፍል ይገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠጣል። ጠያቂ ሲመጣ ሻሹን አፉ ላይ ይጠቀልላል። ጠያቂውም ጉንጩን ልሳመው ወይስ ልተወው እያለ ያመነታል፤ አባዬ ማመንታቱን ያያል። የሆድ ሕመምተኛ ታሞም ቢሆን ሰላም ይባላል፣ ይጎራረሳል፣ ይጨዋወታል። የአፍ ካንሰር የያዘው ሰው ግን ሳይሞት ከሰው መሃል ይወጣል፤ ከሰው የሚያገናኘን ነገር አብዛኛው በአፍ በኩል ነውና።

ሐጂ ያልኳቸው የጨርቅ መደብሩ ባለቤት ናቸው፤ ከአባዬ ጋር ዕድሜ ልካቸውን በረንዳ ለበረንዳ የኖሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። እማዬ ቡና እያፈላች ነበር። አባዬ አጥሚቱን ይዞ ሊነሳ ሲል ሐጂ እጁን ያዙት።

“ለእኔም ቅጂልኝ” አሏት እማዬን።

“ቡናው እኮ ደረሰ ሐጂ፤ አምባሻም አለ።”

“ቡናው ይደርሳል። እሱ የሚጠጣውን ነው ያልኩሽ።”

ተቀዳላቸው። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው፣ ስለ ጨርቅ ዋጋ እያወሩ፣ ስለ ኮምቦልቻ መንገድ እያወሩ፣ ጨው የሌለውን ያንን አጥሚት ጠጡ። አባዬ ሲፈስበት በመሐረባቸው ጠረጉለት፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ጨርሰው ዱዓ አደረጉና “አብሽር” ብለውት ወጡ። በማግስቱም መጡ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረን የእኛ ቤት የማታ ምግብ ተቀየረ፤ መጀመሪያ ሁላችንም ከእሱ ጋር አንድ አንድ ኩባያ አጥሚት እንጠጣለን፣ ትሪው ከዚያ በኋላ ይቀርባል። አባዬ ወደ መኝታ ክፍል ይዞት መግባቱን ተወ። ሕክምናው ካደረገለት ነገር ይህ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኅዳር ላይ ንፍፊቱ ተመለሰ። ይህን ክፍል ባሳጥረው ይሻለኛል። እብጠቱ ቆዳውን ቀድዶ ወጣ፤ ሽታ መጣ። እማዬ ዕጣን ታጨስ ጀመር፤ አባዬም ዕጣኑ ስለምን እንደሆነ ገባው። “ዕጣኑን ተይው፤ ያስለኛል” ብሎ ጻፈ፤ የሚያስለው ግን ዕጣኑ አልነበረም። ቁስሉን የምታጥብለት ነርስ ነች ያዳነችን። የፍላጂል ክኒን ፈጭተን ቁስሉ ላይ እንድንነሰንስ አሳየችን። ሽታውን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ እነሱን ይገድላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታው ረገበ። ለሳንቲም የሚገዛ ክኒን ነበር።

ሕመሙ ሲጠና በመጨረሻ የሚጠጣ ሞርፊን አገኘንለት። ዘመዶቻችን ስሙን ሲሰሙ ደነገጡ፤ “ሞርፊን ተሰጠው ማለት አበቃ ማለት ነው” አሉ። ነርሷ ግን ሕመሙ እስኪመጣ ሳትጠብቁ ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡት አለችን። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመክር እንደኖረ ያነበብኩት ከጊዜ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በገባ በሁለተኛው ቀን አባዬ መርፌና ክር አምጪ አለኝ። የእኔን ሹራብ የወለቀ ቁልፍ አየብኝና ተከለልኝ። ክሩን በምላሱ ማሾል ስላልቻለ እኔ አሾልኩለት።

በ2001 ዓ.ም. ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት ባለው ሳምንት፣ ቤቱ ውስጥ አረፈ። እድሩ ድንኳን ጣለ፤ ሐጂ መደብራቸውን ዘግተው ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልወጡም። ለቅሶ ደራሹ አብዛኛው እሱ የሰፋለትን ልብስ ለብሶ ነው የመጣው፤ ኮቱን እየነካ “ይህን እሱ ነው የሰፋልኝ” ሲል እማዬ ቀና ትልና ስፌቱን ታያለች። መኪናውን ተለማማጁ ወሰደ፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሲጋራም አልለመደም፤ ስፒሎቹንም ክንዱ ላይ በታሰረች ትንሽ ትራስ ነው የሚሰካቸው፤ አባዬ በስፒል እንዳልሞተ ብነግረውም አልተዋትም።

ደብተሩ እማዬ ዘንድ ነው። በዓል ሲሆን ስንሰበሰብ ታወጣውና “እስቲ አንብቢልኝ” ትለኛለች። የቱን እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ ስለ ሕልሙ ያለውን አይደለም፣ ስለ ጉግሱም አይደለም። ከጨረሩ በተመለሰበት ሰሞን፣ ጣዕሙ በተመሰቃቀለበት ጊዜ የጻፈውን አንድ መስመር ነው፦ “አጥሚቱ ጨው በዝቶበታል፤ ለእናትሽ ንገሪያት።” አነብላታለሁ። እማዬ ነጠላዋን ታስተካክልና ዛሬም ትከራከረዋለች፦ “ኧረ በሞቴ! ጨው ሳልነካው! አንዲት ፍሬ አልጣልኩበትም እኮ!”